ፖላር ኤች10 የደረት ቀበቶ፦ ለጎንደር ሯጭ የጠዋቷ ሁለት ደቂቃ

ፖላር ኤች10 ደረት ላይ የሚታሰር የልብ ምት መለኪያ ነው። ሠሪው እ.ኤ.አ. በ1977 የተመሠረተው የፊንላንዱ ፖላር ኩባንያ ሲሆን ሞዴሉን ያወጣው በ2016 ነው። ብዙ ሰው የሚገዛው እየሮጠ ልቡ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ለማየት ነው። ለዚያ ብቻ ከሆነ ወደ 100 የአሜሪካ ዶላር ማውጣት አያስፈልግም፤ አንድ ደህና የእጅ ሰዓት ይበቃል። ቀበቶው ዋጋውን የሚመልሰው በሌላ ሥራ ነው። ከአንዱ ምት እስከ ቀጣዩ ያለውን ጊዜ በሺኛ ሰከንድ ለይቶ ይመዘግባል። ከመኝታ ተነስቶ ጫማ ከማሰር በፊት የሚወሰድ የሁለት ደቂቃ ልኬት፣ የሰሞኑ ልምምድ ድካም ከሰውነት መውጣት አለመውጣቱን ይጠቁማል። ይህ ግምገማ ባመዛኙ ስለዚያች ሁለት ደቂቃ ነው።

ልብ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲመታ በየሰከንዱ እኩል አይመታም። አንዱ ክፍተት 1000 ሚሊ ሰከንድ፣ ቀጣዩ 1040፣ ከዚያ 980 ሊሆን ይችላል። አየር ስትስቡ ምቱ ትንሽ ይፈጥናል፣ ስታስወጡ ይዘገያል። ይህን የሚያደርገው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው፤ ከአንጎል ግርጌ ተነስቶ ልብ ድረስ ይወርዳል፣ ምቱንም እንደ ፍሬን ይይዛል። ፍሬኑ የሚይዘውም የሚለቀውም ወዲያው፣ አንድ ምት ሳይሞላ ነው። ልብን የሚያጣድፈው ሲምፓቴቲክ የሚባለው የነርቭ ክፍል ግን ሥራው እስኪታይ ሰከንዶች ይፈጃል። ስለዚህ ከምት ወደ ምት የሚታየው ፈጣን ልዩነት በአብዛኛው የፍሬኑ ሥራ ነው። ሰውነት ሲያርፍ ፍሬኑ አጥብቆ ይይዛል፣ ልዩነቱም ይሰፋል። ሲደክም፣ ሲታመም ወይም እንቅልፍ ሲያጣ ፍሬኑ ይላላል፣ ልዩነቱም ይጠባል። በስፖርቱ ሰዎች ዘንድ ይህ ልዩነት ኤችአርቪ ይባላል።

ኤችአርቪን ለማስላት ብዙ ቀመሮች አሉ። የአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበርና አንድ የሰሜን አሜሪካ የልብ ምት ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 በአንድ መመሪያ አሰባስበዋቸዋል። ለሯጭ የሚጠቅመው አርኤምኤስኤስዲ የሚባለው ነው፤ ምክንያቱም የፍሬኑን ሥራ ለይቶ ያሳያል፣ በአጭር ልኬትም አይበላሽም። ስሌቱን አንድ ጊዜ በእጅ ብትሠሩት፣ ቀበቶው ልኬቱን በብሉቱዝ የሚልክለት የስልክ አፕ ስለሚሰጣችሁ ቁጥር ብዙ ይገባችኋል። አራት ክፍተቶች ውሰዱ፦ 1000፣ 1040፣ 980፣ 1030። በተከታታዮቹ መካከል ያለው ልዩነት 40፣ 60 እና 50 ነው። እያንዳንዱን በራሱ አባዙ፦ 1600፣ 3600፣ 2500። ድምሩ 7700 ነው፤ ለ3 ሲካፈል 2567 ገደማ ይሆናል፣ የዚህ ካሬ ሩት ደግሞ 51 ነው። እንግዲህ አርኤምኤስኤስዲው 51 ሚሊ ሰከንድ ነው ማለት ነው።

አሁን አንድ ምት ትጥፋ። ቀበቶው ላልቶ፣ ወይም ደርቆ፣ በ60 ምት ውስጥ አንዷን ሳያይ አለፈ እንበል። የ980 እና የ1030 ክፍተቶች ተደምረው 2010 የምትል አንዲት ትልቅ ክፍተት ይሆናሉ። ከፊቷ ካለው 1040 ጋር ያላት ልዩነት 970 ነው፤ ይህ በራሱ ሲባዛ ከ940 ሺህ በላይ ነው። ከኋላዋ ካለው ጋርም እንደዚሁ። ሌሎቹ ምቶች ሁሉ ደህና ቢሆኑም የደቂቃው ውጤት ከ51 ወደ 190 ገደማ ይዘላል። ሯጩ «ዛሬ እንዴት አርፌያለሁ!» ብሎ ወደ ዳገቱ ይወጣል፤ እውነቱ ግን ቀበቶው መላላቱ ነው። ጠዋት የሚታይ ድንገተኛ ከፍተኛ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠረጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ጥሩ አፕ የተሳሳቱትን ምቶች ቆጥሮ ያሳያል፣ ያርማልም። የማያሳይ አፕ ካላችሁ ለውጡት፤ በኋላ የምትወስኑት ሁሉ በዚህ ላይ ነው የሚቆመው።

ኤች10 የሚበልጠውም እዚህ ላይ ነው። የሚለካው የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ራሱን ነው፣ በሰከንድ 130 ጊዜ እየቃኘ። የምቷን ጫፍ በትክክል ስለሚያገኝ ክፍተቱ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። የእጅ ሰዓት ግን ቆዳ ላይ አረንጓዴ መብራት አብርቶ የደሙን ሞገድ ነው የሚያየው። ሞገዱ ጫፉ ድቡልቡል ስለሆነ የት ላይ እንደጀመረ ለመለየት ያስቸግራል። በታኅሣሥ ጠዋት እጅ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ወደ ቆዳ የሚመጣው ደም ይቀንስና ምልክቱ ይደክማል። ሌሊቱን ሙሉ ተኝታችሁ የሚለካ ሰዓት አማካዩ መጥፎ አይደለም፤ እየተንቀሳቀሳችሁ የሚሰጠውን ኤችአርቪ ግን ከቁም ነገር አትቁጠሩት። በስልክ ካሜራ ጣት አስነክቶ የሚለካው ዘዴም ጣቱ ሙቅ ከሆነና ሰውየው ካልተነቃነቀ ይሠራል፤ ቀበቶ መግዛት ለማይችል ሰው ከእርሱ መጀመር ነውር የለውም።

የአለካኩ ሥርዓት እንዲህ ነው። ከእንቅልፍ ትነሳላችሁ፣ ሽንት ቤት ትሄዳላችሁ። ፊኛ ሞልቶ መለካት ቁጥሩን ያበላሻል። ከቡና በፊት፣ ከውኃ በፊት፣ ስልክ ላይ መልእክት ከማንበብ በፊት ይሁን። ከቀበቶው ውስጠኛ ገጽ ላይ ያሉትን ጥቁር የፕላስቲክ ንጣፎች በውኃ አርጥቡ፤ እርጥብ ጣት ማስነካት አይበቃም፣ ውኃው እስኪታይ ድረስ ነው። ቀበቶውን ከጡት ሥር፣ የደረት ጡንቻ ከሚያልቅበት ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ሁለት ጣት በቀላሉ ካስገባ ላልቷል፣ ትንፋሽ ከከለከለ ጠብቋል። አልጋ ጠርዝ ወይም ዱካ ላይ ተቀመጡ፣ እግር መሬት ይንካ፣ ጀርባ ይደገፍ። አንድ ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቆዩ። ከዚያ አፑን አስጀምሩና አንድ ደቂቃ ይለካ። በስፖርተኞች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ከመረጋጊያዋ ደቂቃ በኋላ ለአርኤምኤስኤስዲ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ለሌሎቹ ቀመሮች ግን አይበቃም፤ አፑ ኤስዲኤንኤን የሚል ቁጥር ቢያሳያችሁ እለፉት።

ትንፋሽን አታስረዝሙ። ብዙ ሰው ቁጥሩ ከፍ እንዲል ሲፈልግ ሳያውቀው በጥልቀት መተንፈስ ይጀምራል፤ ረጅም ትንፋሽ አርኤምኤስኤስዲን ስለሚያንረው ልኬቱ የትንፋሹ ይሆንና የድካሙ መሆኑ ይቀራል። አትዋጡ፣ አታውሩ፣ አታዛጉ። ጎን ላይ የተኛ ጓደኛችሁም ዝም ይበል።

ለምን ተኝቶ አይለካም? ለጀማሪ ሯጭ ተኝቶ መለካት ይሠራል። ለብዙ ዓመት የሮጠ፣ ልቡ ጠዋት በደቂቃ 42 ወይም 45 የሚመታ ሰው ላይ ግን አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ተኝቶ ሳለ ፍሬኑ እስከ ጥግ ተይዟል፤ አየር ሲያስገባም አይለቅም። ምቱ በጣም የዘገየ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ይጠባል፣ ቁጥሩ ይወርዳል። ይህን ያላወቀ አሰልጣኝ በጣም ጥሩ አቋም ላይ ያለውን ልጅ «ደክመሃል» ብሎ ያስቀምጠዋል። መቀመጥ ወይም መቆም ፍሬኑን በመጠኑ ስለሚያላላው ልዩነቱ ተመልሶ ይታያል። ስለዚህ ለቆየ ሯጭ ምክራችን ተቀምጦ ነው፤ ተቀምጦም ምቱ ከ45 በታች ከሆነ ቆሞ። የመረጣችሁትን አኳኋን አትቀያይሩ። ሰኞ ተኝቶ ማክሰኞ ቆሞ የተለካ ቁጥር አይነጻጸርም።

አሁን ቁጥሩ ምን ይደረግበት? መጀመሪያ ማንም ሰው ቁጥሩን ከጓደኛው ጋር አያወዳድር። ከአንድ ካምፕ፣ ከአንድ ዕድሜ፣ ተመሳሳይ ሰዓት ከሚገቡ ሁለት ሯጮች አንዱ 40፣ ሌላው 110 ሊኖረው ይችላል። የተፈጥሮ ልዩነት ነው። ብዙ ሰው ተለክቶ ሲታይ ኤሮቢክ አቅሙ ከፍ ያለ ሰው በአማካይ ከፍ ያለ ኤችአርቪ አለው፤ ዝምድናው ግን ልል ስለሆነ ከቁጥሩ ተነስቶ የአንዱን ሰው ቪኦቱ ማክስ (ሰውነት በደቂቃ ሊጠቀም የሚችለውን የኦክስጅን ጣሪያ) መገመት አይቻልም። በዚህ ቁጥር ልጆችን ለመምረጥ የሚያስብ አሰልጣኝ ካለ ይተው፤ 3000 ሜትር አሩጦ ሰዓቱን ቢይዝ የተሻለ ያውቃል።

ሰውን ከራሱ ጋር ማወዳደር ነው የሚጠቅመው። አንድ ወር ሳትወስኑበት ዝም ብላችሁ ለኩ። በሳምንት ቢያንስ ከሦስት እስከ አምስት ጠዋት ይሁን፣ ሁሉም ቢሆን ይመረጣል። አፑ የአርኤምኤስኤስዲን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ይወስዳል፤ 51 የነበረው 3.93 ይሆናል። ኤሊት ኤችአርቪ የሚባለው አፕ ደግሞ ይህን ወደ መቶኛ ቀይሮ 60 ብሎ ያሳያል። ሦስቱም አንድ ነገር ናቸው፤ ከአንድ አፕ ወደ ሌላ አፕ ስትሄዱ ቁጥሩ ተለወጠ ብላችሁ አትደንግጡ። ከወሩ ልኬት የራሳችሁ አማካይና የመዋዠቂያ መጠን (መደበኛ ልይይት) ይወጣል። አማካዩ 3.92፣ መደበኛ ልይይቱ 0.12 ከሆነ የግማሹን ወደ ላይና ወደ ታች ውሰዱ፦ ከ3.86 እስከ 3.98። ይህ በሚሊ ሰከንድ ከ47 እስከ 54 ገደማ ነው። የእናንተ አጥር ይህ ነው።

ከአጥሩ ጋር የሚነጻጸረው የዛሬው ቁጥር ሳይሆን ያለፉት ሰባት ቀናት አማካይ ነው። አንድ ጠዋት 38 ቢወጣ ትናንት ረጅም ሩጫ ነበር፣ ወይም እንቅልፍ አጥታችኋል፤ የሰባት ቀኑ አማካይ አጥሩ ውስጥ እስካለ ድረስ ዕቅዱ አይነካም። አማካዩ ከአጥሩ በታች ሲወርድ ግን ኢንተርቫሉና ዳገቱ ይቅር፤ አማካዩ እስኪመለስ በቀላል ሩጫ ቆዩ። ጥንካሬ ያለውን ሥራ በጠዋት ልኬት እየመሩ መስጠት እንደሚሠራ ከሚያሳዩት ቀደምት ሥራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2007 ከፊንላንድ ኦውሉ ከተማ የወጣው ነው፤ በዚያ ጥናት በልኬቱ የተመሩት ወንዶች በአራት ሳምንት ውስጥ ኤሮቢክ አቅማቸው አድጓል። የተጠኑት መጠነኛ አቋም ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ በሳምንት 160 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ልጅ ውጤቱን እንዳለ መገልበጥ አይገባም፣ ሐሳቡ ግን ለእርሱም ይሠራል።

ቁጥሩን ከማረፊያ ምት፣ ማለትም ልብ በዕረፍት ላይ በደቂቃ ከሚመታው ብዛት፣ ለይታችሁ አታንብቡ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ነው ትርጉም የሚሰጡት። ኤችአርቪ ወርዶ የማረፊያ ምት ከወትሮው በ5 ወይም በ8 ከፍ ካለ፣ ሰውነት ወይ ከልምምዱ አላገገመም ወይ በሽታ እየጀመረው ነው። ትኩሳት ሳይታወቅ ልኬቱ ቀድሞ የሚናገርበት ጊዜ አለ። በመስከረምና በጥቅምት፣ የወባ ወቅት ሲሆን፣ በተለይ ከቆላ ለተመለሰ ሯጭ ይህ ምልክት ቸል አይባልም፤ የደም ምርመራ ይደረግ። ኤችአርቪ ወርዶ ምቱም ከወረደ ግን የጥሩ አቋም ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ያ ከላይ ያልነው እስከ ጥግ የተያዘው ፍሬን ነው፣ ከውድድር በፊት ልምምድ ሲቀነስም ይታያል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚስተው ነው፦ ቁጥሩ ከአጥሩ በላይ ወጥቶ፣ እግር ግን እንደ እርሳስ ከብዶ፣ በልምምድ ላይ ምቱ አልነሳ ሲል። ይህ ከከባድ የኪሎ ሜትር ብዛት በኋላ የሚመጣ ድካም ነው። ከፍ ያለ ሁሉ መልካም አይደለም።

ወደ ጎንደር ነገር እንምጣ። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2133 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚሁ የሚኖር ሯጭ ለዚህ ከፍታ ሰውነቱ ለምዷል። ለልምምድ ወደ ኮሶዬ ወይም ወደ ደባርቅ ሲወጣ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የማረፊያ ምቱ ከፍ፣ ኤችአርቪው ዝቅ ይላል። ይህ የከፍታው እንጂ የልምምዱ ጥፋት አይደለም። እነዚያን ቀናት በቀላል ሩጫ አሳልፉ፤ ቁጥሩ ወደ አጥሩ መመለስ ሲጀምር ፍጥነት ግቡ። ከዚያ ወጥታችሁ ሳንቃበር ድረስ፣ 3200 ሜትር አካባቢ፣ የምትሄዱ ከሆነ እንደገና እንደ አዲስ ቁጠሩ። ወደ መተማ ቆላ መውረድም በሙቀቱ ምክንያት ምቱን ያነሳል፤ በደጋው አጥር የቆላውን ጠዋት አትፍረዱ።

ጾሙ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ በፍልሰታ 15 ቀን፣ የመብሉ ሰዓት ይቀየራል፣ የሚጠጣው ውኃ ይቀንሳል፣ ለኪዳን የሚነሳ ሰው እንቅልፉም ይቆረጣል። ጾሙን በጀመራችሁበት ሳምንት የሚታየውን ለውጥ የአቋም መውረድ አድርጋችሁ አትውሰዱት። የጾሙን ሳምንታት እርስ በርስ አነጻጽሩ፣ የፍስኩን ከፍስኩ ጋር። አንድ ነገር በእጃችሁ ነው፦ ከጾሙ ሰዓት በኋላ ማታ ላይ ውኃ በደንብ መጠጣት። ሰውነት ውኃ ሲያጣ የማረፊያ ምት ይነሳል፣ ያ ደግሞ ልኬቱን ይጎትታል። በፋሲካና በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ሌላው ይመጣል። ማታ የተጠጣ ጠላ፣ ጠጅ ወይም አረቄ በማግሥቱ ጠዋት ቁጥሩን በግልጽ ያወርዳል፤ ከመኝታ በፊት የተበላ ከባድ ሥጋም ምቱን ያነሳል። ለከተራ በፋሲለደስ መዋኛ ያደረ ሰው በማግሥቱ ባይለካ ይሻላል፤ ከለካም በአፑ ማስታወሻ ላይ «አልተኛሁም» ብሎ ይጻፍ። ማስታወሻ የሌለው ቁጥር ከወር በኋላ ሲታይ ምንም አይናገርም። ለሴት ሯጮች ደግሞ የወር አበባ ዑደት ይመዝገብ፤ በዑደቱ ሁለተኛ አጋማሽ ኤችአርቪ ወደ ታች፣ ምት ወደ ላይ መሄድ የተለመደ ነው፣ ስለዚህ የአንዱ ወር ሁለተኛ አጋማሽ ከሌላው ወር ሁለተኛ አጋማሽ ጋር ይተያይ።

በሩጫ ላይ ቀበቶው ሌላም ይሠራል። አልፋ አንድ የሚባል የምት ክፍተቶች ስሌት አለ፤ በቀላል ሩጫ ከ1 አካባቢ ይጀምርና ጥረት ሲጨምር ይወርዳል። 0.75 ሲደርስ የመጀመሪያው ደፍ፣ ማለትም በደም ውስጥ ላክቴት መጨመር የሚጀምርበት የጥረት ወሰን (ኤሮቢክ ደፍ) አካባቢ ነው፣ 0.5 ሲደርስ ሁለተኛው (አናኤሮቢክ ደፍ)። ደም ሳይቀዳ የቀላል ሩጫን ጣሪያ ለማግኘት ይረዳል። ለሙከራው ከፒያሳ ወደ አዘዞ የሚወስደውን መንገድ አትጠቀሙ፤ ሲሄዱ ቁልቁለት፣ ሲመለሱ ዳገት ነው፣ ፍጥነቱና ምቱ አይገናኙም። ለጥ ያለ ቦታ ፈልጉ። 15 ደቂቃ አሟሙቁ፣ ከዚያ በየ5 ደቂቃው ፍጥነት ትንሽ ጨምሩ፣ አልፋው ከ0.75 በታች መውረድ ሲጀምር የነበረውን ምት ያዙ። የተሳሳቱ ምቶች ከ100 ውስጥ ከ3 ከበለጡ ውጤቱን ጣሉት። ንጹሕ ሆኖ እንኳ ጥቂት ምት ወዲያና ወዲህ ስለሚል፣ 148 ቢላችሁ ቀላል ሩጫችሁን ከ140 አካባቢ በታች አድርጉ። ስልኩን ከፊት፣ በሆድ ላይ በሚታሰር ቦርሳ ያዙት፤ ከኋላ ሲሆን ብሉቱዙን ሰውነት ይጋርደዋል። ስልክ ይዞ መሮጥ ለማይፈልግ፣ ኤች10 አንድ ልምምድ በራሱ ውስጥ መያዝ ይችላል፤ በፖላር አፕ አስጀምሮ ስልኩን ቤት መተው፣ ሲመለሱ ማውረድ ነው። ያለፈውን ሳያወርዱ አዲስ መጀመር ግን አይቻልም።

ብልሽቱ ከየት ይመጣል? በብዛት ደረት ላይ ከሚታሰረው ጨርቅ ነው፤ ጨርቁ ላይ የሚሰካው ሰንሰር ራሱ ጠንካራ ነው፣ እስከ 30 ሜትር ውኃ ይችላል። ላብ ሲደርቅ ጨው ይተውና ንጣፎቹ ይሰነጠቃሉ። ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ ሰንሰሩን ነቅላችሁ ጨርቁን በንጹሕ ውኃ ብቻ አለቅልቁ፤ በሳምንት አንዴ ለስላሳ ሳሙና ይበቃል። በረኪና አይነካው፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣ፣ አይጨመቅ፣ አይተኮስ። በክረምት በእርጥብ ቦርሳ ውስጥ ከረሳችሁት ይሻግታል። ሰንሰሩን አለመንቀል ደግሞ ባትሪ ይበላል፤ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ሲሆን ልብ ያገኘ መስሎት ነቅቶ ያድራል።

በበጋ፣ አየሩ ደረቅ በሆነበት፣ የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ላይ ምቱ 210 ወይም 220 ሲል ታያላችሁ። ልባችሁ ምንም አልሆነም። ላብ ገና ስላልወጣ ንጣፉ ከቆዳ ጋር አልተገናኘም፣ የናይለን ቱታው ደግሞ ሲታሽ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ውኃ ጨምሩ፣ ወይም ከመድኃኒት ቤት የአልትራሳውንድ ጄል ገዝታችሁ በስሱ ቀቡ፤ ጄል ከተጠቀማችሁ ጨርቁን የዚያኑ ቀን እጠቡ። እንዳይፋጭ ብላችሁ ደረት ላይ ቫዝሊን የምትቀቡ ከሆነ ንጣፎቹ የሚያርፉበትን ቦታ ዝለሉ፤ ቅባት ምልክቱን ይከለክላል።

ባትሪው ሲአር2025 ነው፣ ዕድሜው 400 ሰዓት ገደማ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሰዓት ሠሪ ጋር በቀላሉ የሚገኘው ሲአር2032 ነው፤ ስፋቱ ያው 20 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ይመስላል፣ ውፍረቱ ግን 3.2 ሚሊ ሜትር ነው፣ ትክክለኛው 2.5። ተጭኖ ቢገባ ክዳኑ አይገጥምም፣ የጎማዋ ቀለበት ትጣመማለች፣ ከዚያ በኋላ ላብ ይገባል። ክዳኑን በቢላ አትፈልቅቁ፤ የቀበቶው መንጠቆ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነው፣ በእርሱ ይከፈታል። አዲሱን ባትሪ የመደመር ምልክቱን ወደ ክዳኑ አድርጋችሁ አስገቡ፣ ቀጭ ሲል ገጥሟል። ባትሪ ሲደክም ቀድሞ የሚታየው የሚጠፉ ምቶች መብዛት ነው፤ ጨርቁ አዲስ ሆኖ ስሕተቱ ከበዛ ባትሪውን ጠርጥሩ።

ከሌሎች ጋር ሲተያይ፣ ያው ኩባንያ የሚሠራው ኤች9 ርካሽ ነው፣ የምት ክፍተትም ይሰጣል። የጎደለው የውስጥ ማኅደሩ ነው። ጠዋት ብቻ ለሚለካ ሰው ኤች9 ይበቃል፤ ልዩነቱን ገንዘብ ለትርፍ ጨርቅ አውሉት። የጋርሚን ኤችአርኤም ዱዋልም ጥሩ ነው፣ በሲአር2032 ስለሚሠራ የባትሪ ችግር የለበትም። ስም የሌላቸው ርካሽ ቀበቶዎች ላይ ግን አንድ ፍተሻ አድርጉ፦ አንዳንዶቹ የምት ክፍተት አይልኩም፣ የተለሰለሰ አማካይ ብቻ ነው የሚሰጡት። ተቀምጣችሁ ስትለኩ አፑ ላይ ክፍተቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነው ከወጡ ለኤችአርቪ አይሆንም።

አብረው የሚኖሩ ሯጮች አንድ ሰንሰር ለብዙ ሰው ማድረግ ይችላሉ። ጨርቁ ለየብቻ ይሸጣል፤ እያንዳንዱ የራሱ ጨርቅ ይኑረው፣ ሰንሰሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዙር። ለአራት ሰው አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ተረኞቹ ግን ተቀምጠው ይጠብቁ፣ እየተንጎራደዱ አይደለም። እያንዳንዱ በየስልኩ ወይም በየራሱ አካውንት ይመዝግብ። የአንዱ ልኬት በሌላው ስም ከገባ የወሩ አጥር ተበላሸ ማለት ነው።

ቀበቶው የሕክምና መሣሪያ አይደለም። ጨርቁ አዲስ፣ ንጣፉ እርጥብ፣ ባትሪው ደህና ሆኖ፣ ተቀምጣችሁም የተዘበራረቁ ምቶች ከቀን ወደ ቀን ከቀጠሉ፣ ወይም ራስ መሳትና የደረት ሕመም ከተጨመረ፣ በአፕ አትመራመሩ። ሩጫ አቁሙና ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚመዘግብ የሕክምና መሣሪያ) ያለው ሌላ ቦታ ሄዳችሁ ባለ 12 መስመር የኢሲጂ ምርመራ ተደረጉ።

የምትገዙት ከውጭ በሚመጣ ሰው እጅ ከሆነ፣ ሲልኩ መጠኑን ንገሩ። ጨርቁ በሁለት መጠን ነው የሚመጣው፤ አነስተኛውና ትልቁ። ደረተ ቀጭን የረጅም ርቀት ሯጭ ትልቁን ካሰረ እስከ መጨረሻው አጥብቆም ከወር በኋላ ይላላበታል፣ ያኔ ያች ምት ሲጠፋ ያየናት የተሳሳተች 190 መመላለስ ትጀምራለች። ዕቃው እጃችሁ ሲገባ በዋይፋይ አፑን አውርዱ፣ አካውንት ክፈቱ፣ የሰንሰሩ ሶፍትዌር ይታደስ። ከዚያ ዳታና ዋይፋይ አጥፍታችሁ አንድ ልኬት ውሰዱ። ብሉቱዝ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ልኬቱ ያለ ኔትወርክ ስልኩ ላይ ካልተቀመጠ ጥፋቱ የአፑ ነው፣ ሌላ ሞክሩ። ሰንሰሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ስምንት ፊደልና ቁጥር ስልኩ ላይ ከሚታየው ጋር አመሳክሩ፣ ጻፉትም፤ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ኤች10 ሲኖር ስልኩ የጎረቤትን ልብ እንዳይዝ የምትለዩበት እርሱ ብቻ ነው።